ሠላሳ አንደኛዋ ሞለኪዩል

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2010 ዓ.ም.

ሊሊሳዬ፣

እንዴት ነህልኝ? ላይፕዚግ ብርዱ ገባ ወይስ ገና ነው? እኛ ደህና ነን። አባዬም ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ደህና ነው። ባለፈው እሑድ ይቅርብህ ብንለው እንቢ ብሎ በእግሩ እንጦጦ ራጉኤል ወጣ። ሲመለስ ገረሱ መንገድ ላይ አግኝቶት በታክሲው አመጣው። የአጎታችንን ልጅ ብታየው አታውቀውም፤ ከመገናኛ ኮተቤ ሚኒባስ ይነዳል፣ ትልቅ ሰው ሆኗል።

ስልክ ለምን እንደማልደውል ጠይቀሃል። ተቀይሜህ አይደለም። ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ ስደውል አባዬ አጠገቤ ይቀመጣል። የሰማውን ሁሉ ለሳምንት ይብሰለሰልበታል። እሱ ፊት የማይወራውን እንዲህ እንጻጻፍ።

ስለ ሥራሽ ለአባዬ ምን አልሽው ላልከው፣ በተቻለኝ መጠን አቅልዬ ነገርኩት። የቁንጭር ተውሳክ ውስጥ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ብቻውን ምንም አይሠራም፤ ከመንትያው ጋር ሲገጣጠም ነው ተውሳኩን በሕይወት የሚያቆየው አልኩት። እኔ በኮምፒዩተር የምስለው ሁለቱ በሚገጣጠሙበት ቦታ ቀድማ የምትገባ ትንሽ ሞለኪዩል ነው። በተፈጥሮ የለችም፤ ሰው ነው የሚሠራት። እሷ ከገባች መንትዮቹ አይገናኙም፣ ተውሳኩም ይሞታል። «እኔ እስላለሁ፣ ሊሊሳ ጀርመን አገር ይሠራታል» ስለው ደስ አለው። ከዚያ ጉንጬን አየ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ጉንጬን ያቆሰለው ቁንጭር እንዲጠፋ ብለው በጋለ ብረት ሲተኩሱኝ እጄን ይዘህ ያለቀስከው አንተ ነህ። እኔ ማልቀሴን አላስታውስም፤ ያንተን ግን አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ሥራችን። ከዚህ ጋር የላክሁልህ ስዕል 31ኛዋ ናት። የቀደሙት ወይ አይገቡም፣ ወይ ገብተው አይቆዩም ነበር። ይህችኛዋ ገብታ ትቀመጣለች። እዚህ የሚሠራት እንደሌለ ታውቃለህ፤ መሣሪያው ከተበላሸ ቆየ፣ ኬሚካሉም ሲታዘዝ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ያለኸኝ አንተ ነህ። እባክህ ከሌላው ሥራህ አስቀድማት።

እህትህ ኢፍቱ


ላይፕዚግ፣ የካቲት 2 ቀን 2010 ዓ.ም.

ኢፍቱዬ፣

ለገናም ለጥምቀትም ሳልደውል መቅረቴን አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። ምክንያቱን ስትሰሚ ትምሪኛለሽ።

ሞቱ። በብልቃጥ ያሉት ተውሳኮች 31ኛዋን ስጨምርባቸው አለቁ። መጀመሪያ የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት፣ ከዚያ ሌላ ሰው እንዲደግመው ሰጠሁት። ያው ነው። ስሠራት አስቸግራኝ ነበር፤ መጨረሻ ላይ የምትዘጋው የአቶሞች ቀለበት እየተበጠሰች ብዙ ቀን አባክኛለሁ። አሁን ግን ነጭ ዱቄት ሆና ጠርሙስ ውስጥ ተቀምጣለች። አየኋት፤ አንቺ የሳልሻት ነገር በእጅ የምትያዝ ሆነች።

ፕሮፌሰሩ ማን ነው የሳላት ሲለኝ እህቴ ናት አልኩት። «ቤተሰባችሁ በሙሉ ኬሚስት ነው እንዴ?» አለኝ። አባታችን እንጦጦ ሥር ገብስ ይዘራ እንደነበር ነገርኩት፤ አላመነኝም።

ጥናቱ ሲታተም ስሜ ይኖራል ወይ ብለሽ መጠየቅሽ ግን አሳዘነኝ። ያንቺ ካልተጻፈ የማን ሊጻፍ ነው? እኔን እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቂኝ።

ለአባዬ ጉልበት የሚቀባ መድኃኒት በሰው ልኬአለሁ። ሳሚልኝ።

ሊሊሳ


መገናኛ፣ ኅዳር 21 ቀን 2011 ዓ.ም.

ሊሊሳዬ፣

መድኃኒቱ ደርሷል፤ አባዬ ግማሹን ለጎረቤት አካፍሎ ጨረሰው። አመስግኚልኝ ብሏል።

ይህን የምጽፍልህ ከቢሮ ነው። ደጋግሞ መብራት እየጠፋ ስሌቱን ስንት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመርኩት፤ ለዚህ ነው የዘገየሁብህ። ምን ሆነሽ ነው ደስታሽ የማይሰማው ብለሃል። ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር አግኝቻለሁ፤ ቁጭ ብለህ አንብብልኝ።

የተውሳኩ ፕሮቲን እኛም ዘንድ ዘመድ አለው። በሰው ቀይ ደም ውስጥ አለ፤ እሱም እንደዚያው ከመንትያው ጋር ካልተገጣጠመ አይሠራም። ሥራው ደማችን እንዳይፈራርስ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ ሳወዳድራቸው የሁለቱ መገጣጠሚያ ልዩ ልዩ መስሎኝ ነበር። አሁን የሰው ፕሮቲን ሲንቀሳቀስ እንዲያሳየኝ ኮምፒዩተሩን ለረጅም ጊዜ አስሮጥኩት። መገጣጠሚያው አልፎ አልፎ በአንድ በኩል ይከፈታል። ሲከፈት 31 ትገባለች።

ብዙ ሰው ላይ ምንም ላያመጣ ይችላል፤ ሰውነት ይተካዋል። ይህ ፕሮቲን ከተፈጥሮው ደከም ያለባቸው ሰዎች ግን አሉ። ራሳቸውም አያውቁትም፤ ጤነኛ ናቸው። እነሱ 31ን ቢወስዱ ደማቸው ይፈርሳል፣ የፈረሰውም ኩላሊታቸውን ይዘጋል።

ስለዚህ ከምንም በፊት በሰው ደም ላይ ሞክራት። ተጣርቶ በቱቦ በተቀመጠው ፕሮቲን ላይ ሳይሆን ከተለያዩ ሰዎች በተቀዳ ትኩስ ደም ላይ፤ ደከም ያለው የሚገኘው እዚያ ነው። ለፕሮፌሰሩም ንገረው። ምናልባት ከቀለበቷ ጎን የወጣውን አንድ እጅ መቀየር ይበቃል፤ ጊዜ ብቻ ስጠኝ።

ኢፍቱ


ላይፕዚግ፣ ሐምሌ 14 ቀን 2011 ዓ.ም.

ውድ እህቴ፣

ዝም ማለቴ ከብዶሻል፤ ለእኔም ከብዶኛል። ደግሞ ደጋግመሽ ጻፍሽልኝ፣ እኔ ግን የምመልሰው ነገር እስካገኝ እያልኩ ቆየሁ። እንደጠፋሁ አትቁጠሪብኝ።

ያልሽውን ሞክረናል። የሰውን ፕሮቲን በቱቦ አድርገን 31ን ጨመርንበት፤ መንትዮቹ አልተለያዩም። ፕሮፌሰሩም አይቶ ረክቷል። እንደምታውቂው የኮምፒዩተር ስሌት አንዳንዴ የሌለ ነገር ያሳያል።

ጥናቱ ታትሟል። እንዳትደናገጪ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ስምሽ ከጸሐፊዎቹ ጋር አይደለም። መጨረሻ ላይ፣ ምስጋና የሚቀርብበት ቦታ ላይ አለ። የኢንስቲትዩቱ ደንብ ነው፤ ውል የሌለው ሰው ጸሐፊ መሆን አይችልም። ተከራክሬአለሁ። የእኔ የሥራ ፈቃድ የሚታደስበት ወቅት ሆኖብኝ ከዚያ በላይ መግፋት አልቻልኩም። የሚቀጥለው ላይ እናስተካክለዋለን።

አባዬ ሰማ ወይ? ከሰማ ምን አለ?

ወንድምሽ ሊሊሳ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ መስከረም 18 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሊሊሳ፣

እንኳን አደረሰህ። አባዬ አዲሱን ዓመት በደህና ተቀብሏል። የሁለታችንም ስም ጎን ለጎን ተጽፏል ብዬዋለሁ። የታተመውን እንዳሳየው ጠየቀኝ፤ በጀርመንኛ ነው ብዬ ዋሸሁት።

የጻፍሁት ስለ ደንቡ አይደለም። ደንቡን ተቀብያለሁ።

ነፃነትን ታውቃታለህ፣ ከእኔ ጋር የተማረችው፣ አሁን ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ የምትሠራዋ። ባለፈው ሳምንት ስለ ጥናቱ ያደረግኸውን ንግግር በኢንተርኔት አይታ ጠራችኝ። አብረን አየነው። በጥሩ እንግሊዝኛ ተናገርክ፤ ኮራሁብህ። ከዚያ ስለ ቁንጭር ማስረዳት ስትጀምር ከኋላህ ግድግዳው ላይ አንድ ፊት ወጣ። የእኔ ፊት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ስመረቅ ያነሳኸኝ ፎቶ፤ ቆብና ካባው ተቆርጦ ጠባሳው ብቻ እንዲታይ ቀርቧል። «በሽታውን ያወቅሁት ከቤቴ ነው» አልክ። ሞለኪዩሏን ማን እንደሳላት ወደ መናገሩ ስትደርስ «ቡድናችን» አልክ።

ነፃነት ተናደደች። እኔ መናደድ እንኳን አቃተኝ። ፎቶዬ አለ፣ ስሜ የለም። በሽተኛዋ እኔ ነኝ፣ ሥራው የእናንተ ነው።

ይሁን። አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ደም ነበር። አንተ የመለስክልኝ ስለ ቱቦ ነው። ደም ላይ ሞክራችኋል ወይስ አልሞከራችሁም?

ኢፍቱ


ላይፕዚግ፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ኢፍቱ፣

ለጥያቄሽ ሳልመልስ ከአራት ዓመት በላይ ሆነ። በኮሮናውም ጊዜ በአባዬ ስልክ እየደወልኩ «ኢፍቱ የለችም» እየተባልኩ ነው የኖርኩት። አጠገቡ እንደነበርሽ አውቃለሁ። የዚያን ፎቶ ነገር አስቤ ያደረግሁት አይደለም፤ ሰዉ እንዲሰማው ብዬ ነው። ካሳዘንኩሽ ይቅርታ።

አሁን የምነግርሽ ደስ ሊልሽ የሚገባ ነገር ነው። 31ኛዋ ክኒን ሆናለች። ሙከራው አዲስ አበባ ይደረጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች እየተመዘገቡ ነው። ዶክተር እንድርያስ የሚባል ሐኪም በኃላፊነት ይመራዋል፣ ጎበዝ ሰው ነው። አንቺም የምትፈልጊ ከሆነ በአማካሪነት እንድትገቢ ልናገርልሽ እችላለሁ። የምለምንሽ የድሮውን ስሌት አሁን እንዳታነሺ ነው። የሚመለከታቸው ሁሉ አይተው ፈቅደዋል። እንደ ገና ቢነሳ የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው፤ ደግሞ ዓመታት ይጠብቃል።

ገረሱ ደውሎልኝ ነበር። አፍንጫው ላይ የወጣው ቁንጭር ነው ተብሏል አለኝ። ልመዝገብ ወይ ሲለኝ ተመዝገብ አልኩት። ለወንድሜ የማልሰጠውን ለሰው አልሠራም።

ሊሊሳ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሊሊሳ፣

ለአማካሪነቱ አመሰግናለሁ፤ አልፈልግም። ስሌቱንም እንዳላነሳ ለምነኸኛል። አንስቼዋለሁ።

ገረሱ እሑድ መጣ። ኮሮና ካለፈም በኋላ ማስክ ያላወለቀ ሹፌር እሱ ነው፤ ተሳፋሪው ጠንቃቃ ነው ይለዋል። እኔ ፊት አወለቀው። የአፍንጫው ጫፍ አብጦ ቆስሏል፣ ወደ ከንፈሩ እየወረደ ነው። ለፋሲካ ማግስት ቀለበት ሊያስር ነበር፤ የልጅቷ ቤተሰቦች «ይህ ነገር ይታይ» ብለው አቆዩት።

እንዳይወስደው ነገርኩት። ደሙ መጀመሪያ ይታይ አልኩት።

«ሊሊሳ ደህና ነው ብሎኛል» አለኝ።

«ሞለኪዩሏን የሳልኳት እኔ ነኝ፣ ገረሱ። የምታደርገውን አውቃለሁ።»

የምዋሸው መሰለው። «ታዲያ ስምሽ የታለ?» አለኝ። በክፋት አይደለም፤ እውነቱን ነው የጠየቀኝ። ሲወጣ ደግሞ «አንቺ በልጅነትሽ ነው የተተኮስሽው፣ ለምደሽዋል። እኔ አሁን እንድለምድ አትፍረጂብኝ» አለኝ።

ዶክተር እንድርያስ ዘንድም ሄጄ ነበር። በአክብሮት ተቀበለኝ፤ የነገርኩትን ሁሉ ሰማኝ። ከዚያ «እርስዎ በዚህ ጥናት ላይ ምን ድርሻ አለዎት?» አለኝ። የታተመውን አውጥቶ ስሜን ፈለገ። መጨረሻ ላይ ከማተሚያ ወረቀት አቅራቢውና ከቢሮ ጸሐፊዋ ጋር ምስጋና ቀርቦልኛል። ጨዋ ሰው ነው፤ ማስረጃ ካለዎት ያምጡ ብሎ ሸኘኝ። ማስረጃ የሚሆን ሙከራ ለማድረግ ደግሞ ክኒኑ ያስፈልገኛል። እሱን አይሰጡኝም።

አንተን ግን ይሰሙሃል። አንድ ደብዳቤ ጻፍላቸው፤ የሚመዘገበው ሰው ሁሉ ደሙ አስቀድሞ ይመርመር በል። ሙከራውን አቁሙ አላልኩም። ገረሱ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይጀምራል።

ኢፍቱ


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ኢፍቱ፣

ጻፍክላቸው ወይ ብለሽ ስንት ጊዜ ትጠይቂኛለሽ? ጉዳዩ በእኔ እጅ አይደለም። ሕመምተኞቹን በየጊዜው ያዩአቸዋል፣ ችግር ካለ ይታያል።

ገረሱ የላከልኝን ፎቶ እይው። ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ቁስሉ ደርቋል፣ እብጠቱ ወርዷል። ያለ ማስክ መኪናው በር ላይ ቆሞ ይስቃል። ይህን ያደረግነው እኛ ነን፤ አንቺና እኔ። አንድ ቀን እንኳን ደስ ቢልሽ ምን አለበት?

ሊሊሳ


የካ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሊሊሳ፣

ገረሱ ምን ሆነ ብለህ ለአባዬ ደውለሃል። አባዬ የሚያውቀው ወባ ነው። እኔ ነኝ ያልኩት፤ አንተም እንደዚያው በለው።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ሽንቱ እንደ ኮካ ኮላ ጠቆረ። መጀመሪያ ለማንም አልተናገረም፤ ከሙከራው ያስወጡኛል ብሎ ፈራ። መኪናውን ሾላ ገበያ አጠገብ አቁሞ መሪው ላይ ተደፋ። ተሳፋሪዎቹ ናቸው ሆስፒታል ያደረሱት። ስደርስ ዓይኑ ቢጫ ነበር። ደሙ ፈርሷል፣ ኩላሊቶቹ ቆመዋል። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ደሙ በማሽን ይታጠባል፤ ይመለስ እንደሆነ ሐኪሞቹ አያውቁም። ከክኒኑ የመጨረሻው እሽግ ላይ ደርሶ ነበር።

ፊቱን ልንገርህ። ጥርት ብሏል። ቁስሉ የነበረበት ቦታ አይታይም። ነርሷ መስታወት ሰጠችው፣ አሁንም አሁንም ያያል።

ዶክተር እንድርያስ ወባ ወይም ሌላ የወሰደው መድኃኒት ይሆናል ብሎ ጽፏል። ስለዚህ የቀሩትን ክኒኖች ከገረሱ ቤት ወሰድኩ። ነፃነት በምትሠራበት ክሊኒክ ከሥራ ሰዓት ውጭ ገባን። የገረሱን፣ የእኔን፣ የነፃነትንና የባልደረቦቿን ደም ቀድተን 31ን ጨመርንበት። የብዙዎቻችን ምንም አልሆነም። የገረሱ ፈረሰ። ከባልደረቦቿ የአንዷም ፈረሰ፤ ጤነኛ ልጅ ናት። ይህን ለመሥራት የፈጀብን አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ያ አንድ ከሰዓት በኋላ አንተ ዘንድም ነበር።

ለገረሱ ነገርኩት። ማስረጃውን ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ላቅርብ ነው አልኩት። እጄን ያዘና «አትናገሪ» አለኝ። «የእኔ ደም ነው የደከመ እንጂ መድኃኒቱ ጥፋት የለበትም። የተመዘገቡት ሰዎች አብረውኝ ተሰልፈዋል፣ አውቃቸዋለሁ። ለምን በእኔ የተነሳ ይቀርባቸዋል?»

«ከእነሱ ውስጥ እንዳንተ ያለ ቢኖርስ?»

ወደ መስኮቱ ዞረ። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት።

ዛሬ ጠዋት አቀረብሁ። የሳልኳት እኔ መሆኔን፣ በ2011 ዓ.ም. ለአንተ መጻፌን፣ አንተም ምን እንደመለስክልኝ ሁሉንም ተናግሬአለሁ። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ነው የምነግርህ።

ኢፍቱ


ላይፕዚግ፣ መስከረም 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢፍቱ፣

እንዴት ነሽ ብዬ መጀመር አለብኝ፤ አልቻልኩም።

ከኢንስቲትዩቱ አስወጥተውኛል። ፕሮፌሰሩ ስለ ደሙ የነገረኝ ሰው የለም አለ። ነግሬዋለሁ፤ በቃል ነው የነገርኩት፣ እሱም ጥናቱ ከታተመ በኋላ እናየዋለን አለኝ። አሁን ማን ያምነኛል? እሱ ቢሮው ውስጥ ተቀምጧል፣ እኔ ዕቃዬን በካርቶን ይዤ ወጣሁ።

የገዛ ሥራሽን ነው የገደልሽው። እንደሷ ያለች ከእንግዲህ አናገኝም። ቀድመሽ ብትደውይልኝ ኖሮ በሌላ መንገድ እናስተካክለው ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ አልደወልሽም፣ ያን ቀን እንኳን አልደወልሽም። ወንድምሽን ለኮሚቴ ሰጠሽኝ።

ገረሱ ስልኬን አያነሳም። ምን እንደሚል ንገሪኝ። አባዬ ያውቃል ወይ?

እዚሁ ከተማ አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ወስዳኛለች። መሣሪያው አሮጌ ነው፣ ግን ይሠራል። ምናልባት ከፈለግሽ። አላውቅም። ይህን ለምን እንደጻፍሁት አላውቅም።

ሊሊሳ


ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሊሊሳ፣

የጠየቅኸኝን በሙሉ እመልስልሃለሁ።

ገረሱ ምንም አይልም። ስላንተ ሲነሳ ከክፍሉ ይወጣል። ኩላሊቱ አልተመለሰም። ሚኒባሱን ለሌላ ሹፌር ሰጥቷል፤ እጥበት በሌለበት ቀን መገናኛ ተራ ማስከበር ላይ ይቆማል። የልጅቷ ቤተሰቦች መጥተው ፊቱን አዩ፤ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ከዚያ ስለ ኩላሊቱ ሰሙ፣ አልተመለሱም። ልጅቷ ለጥቂት ጊዜ ሆስፒታል ትመላለስ ነበር። አሁን እሷም ቀርታለች።

አባዬ ያውቃል። ገረሱ ነው የነገረው። ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን ጠርቶኝ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብሎ፣ ከሁለታችሁ የቱ ነው ጥፋተኛው አለኝ። ሊሊሳ ነው አልኩት። «አንቺስ?» አለኝ። እኔ ነግሬው ነበር አልኩ። «ነግረሽው አልሰማ ሲል አራት ዓመት አኮረፍሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስቶ አያውቅም። ስትደውል የሚያነሳልህ ልጁ ስለሆንክ ነው፤ ድምፁ ለምን እንደቀዘቀዘ አሁን ታውቃለህ።

ሙከራው ቆሟል። ኮሚቴው ባወጣው ማስታወቂያ ላይ ሞለኪዩሏን የነደፈችው ኢፍቱ ሰቦቃ ናት ተብሎ ተጽፏል። ስሜ ከእሷ ጋር ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው፤ እንድትጣል በታዘዘበት ወረቀት ላይ። ነፃነት እንኳን ደስ አለሽ ልትለኝ ፈልጋ አፏ ላይ ቀረ።

የገዛ ሥራሽን ገደልሽ ብለሃል። ልክ ነህ። ያልነገርከኝን ሌላ ልጨምርልህ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሴት በር አንኳኳች። ወርቅአየሁ ትባላለች፣ እንጦጦ ላይ ነው የምትኖረው፤ ከተመዘገቡት አንዷ ነበረች። ስሜን ማስታወቂያው ላይ አስነብባ፣ ቤቴን ጠይቃ ነው የመጣችው። ነጠላዋን ገለጠችልኝ። በቀኝ በኩል ያለው ጉንጯ ድኗል። በግራ በኩል ያለው ክኒኑ ከቆመ ወዲህ እንደ ገና ቆስሏል። የእሷ ደም ጤነኛ ነው፤ ኮሚቴው የተመዝጋቢዎቹን ደም ሲያስመረምረን አይተነዋል። ብትቀጥል ትድን ነበር።

ግቢ አላልኳት፤ ራሷ ገብታ ተቀመጠች። አልጮኸችም። «ለሰውየው ብለሽ ነው አሉኝ» አለችኝ። «ደግ አደረግሽ። ለእኔስ? ለእኔ ግማሽ ፊት ተውሽልኝ።»

ክኒኑ የቀረ እንዳለ ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ነበረኝ፤ ከገረሱ የወሰድኩት አልተጨረሰም። ግን ለአንድ ሰው እንኳን አይበቃም፤ ቢበቃም በጓዳ የምሰጠው አይደለም። ይህን ላስረዳት ጀመርኩና ጉንጬን እያየች መሆኗን ሳይ ተውኩት። ስትሄድ ደህና ዋይ አላለችኝም።

ሙከራው ከቆመ ወዲህ ሌላ ነገር አልሠራሁም። የቀለበቷን አንድ እጅ ቀይሬ፣ አጥፌ፣ መልሼ ሳልኳት። አሁን የሰው ፕሮቲን ሲከፈት ብትጠጋም አትገባም፤ እጇ ይጋጫል። የተውሳኩ ላይ ትገባለች። ያኔ ጊዜ ስጠኝ ያልኩህ ይኸው ነበር፤ ሥራው ጥቂት ወራት ነው የፈጀው።

እንዲሠሩልኝ ለሌሎች ጽፌ ነበር። የታገደች ሞለኪዩል እህት ናት ብለው ማንም አልነካትም። ያቺን ቀለበት ሳትበጠስ መዝጋት የሚችል የማውቀው ሰው አንድ ነው። ባላውቀው ደስ ባለኝ።

ወንድምሽ ነኝ ወይ ብለህ ባለፈው ሳምንት በጻፍከው አጭር መልእክት ጠይቀኸኛል። ለዚህ አሁን መልስ የለኝም፤ ለወርቅአየሁ ግን መልስ ያስፈልጋታል። ስለዚህ ከዛሬ በኋላ የምጽፍልህ ስለ ሞለኪዩሏ ብቻ ነው። የምትጽፍልኝም ስለ እሷ ብቻ ይሁን። ናፍቆትህንም ይቅርታህንም ለአባዬ ንገረው፤ እሱ ይሰማሃል። የምትጽፈውን ሁሉ ነፃነትና ኮሚቴው አብረው ያነቡታል።

ከተስማማህ «እሺ» በለኝ። ሌላ ቃል አትጨምር።

ኢፍቱ


መገናኛ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

እሺታህ ደርሶኛል።

ስዕሉ ተያይዟል። የተቀየረው እጅ በቀይ ተከቧል። ቀለበቱን ከመዝጋትህ በፊት ሙቀቱን ዝቅ አድርግ፤ ይህችኛዋ ከበፊቷ ይልቅ ቶሎ ትበጠሳለች።

መጀመሪያ የምትሞክራት ተውሳኩ ላይ አይደለም፣ የሰው ደም ላይ ነው። የገረሱን ደም በበረዶ አሽገን በሰው እንልካለን። እንድንቀዳው ፈቅዷል፤ ለማን እንደሚላክ ነግሬው ነው የፈቀደው።

ደሙ ከፈረሰ ያንኑ ዕለት ጻፍ። ካልፈረሰም ያንኑ ዕለት ጻፍ።

ኢፍቱ ሰቦቃ